አሥራ ሰባተኛዋ መላሽ

ባለእርሳሷ ጡረታ በወጣች በሦስተኛው ሳምንት ባዶ እጇን ከቤቷ ወጣች። ቦርሳዋ ውስጥ መጠይቅ የለም፤ እርሳስም የለም። በሥራ ዘመኗ ሁሉ ሰው ቤት እንዲህ ሄዳ አታውቅምና እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት።

"ባለእርሳሷ" የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላት ለጥናት የምትመላለስበት ሰፈር ሰዎች ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታስተምር የነበረው ሶሲዮሎጂ ነው፤ የምትመራመረውም ሰው ራሱን ከየትኛው ብሔረሰብ፣ ከማን ወገን እንደሚቆጥር ነው። በየአምስት ዓመቱ አርባ ቤቶችን እያንኳኳች ያንኑ አሥራ ሁለት ጥያቄ ትጠይቃለች፤ የሚነገራትን በእርሳስ ትጽፋለች። የሚቀርብላትን ሻይ አትጠጣም። "አንቺስ የማን ወገን ነሽ?" ሲሏት፣ "እኔ ጠያቂ ነኝ" ብላ ፈገግ ትላለች። ወገኗን ብትናገር የሰዉ መልስ ወደ እሷ ያዘነብላል፤ ሻዩን ብትጠጣ ደግሞ ይሉኝታ ይገባበታል። የሥራው ሕግ ነበር። ክፋቱ፣ ሕጉ ከሥራ ሰዓት አልፎ ቤቷ ድረስ ተከትሏት ገባ። ጎረቤቶቿ "የሦስተኛ ፎቋ" ከማለት በቀር የሚጠሯት ስም የላቸውም። እህቷም፣ "አንቺን ከማጫወት ግድግዳ ማጫወት ይሻላል፤ እሱ እንኳ ያስተጋባል" ብላ ከቀለደች ወዲህ የምትደውለው አልፎ አልፎ ነው።

የምትኮራበት አንድ ነገር ግን ነበራት። ስሟን ያስጠራው ጽሑፏ የቆመው በአሥራ ሰባተኛዋ መላሽ ላይ ነው። እኚህ ሴት፣ አንድ ግቢ መጨረሻ ባለች ክፍል የሚኖሩ ልብስ ሰፊ፣ "የማን ወገን ነዎት?" ለሚለው ለአራተኛው ጥያቄ በየዙሩ ሌላ መልስ ሰጥተዋታል። መጀመሪያ ከአባታቸው ወገን ነኝ አሉ፤ ቀጥሎ ከእናታቸው፤ ከዚያ ከሟች ባላቸው፤ በአራተኛው ዙር ደግሞ "የዚህ ግቢ ሰው ነኝ" አሉ። እሷም፣ የሰው ማንነት ከዕድሜው ጋር ቦታ ይለውጣል ብላ ጻፈች። ተማሪዎቿ በቃላቸው ያዙት።

አሁን ጥናቱ ተዘግቷል። ዛሬ የመጣችው ያለ ወረቀት፣ እንዲሁ እንደ እንግዳ የሚቀበላት ሰው እንዳለ ለማየት ነው። ከአርባው ደጅ ደፍራ ልታንኳኳ የቻለችው የልብስ ሰፊዋን ብቻ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ በሩን ከፍተው ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት።

"ሁለት ዓመት ቀደምሽሳ። ቆይ፣ ደህናውን ቀሚሴን ልልበስ።"

"ግድ የለም እትዬ፣ ለጥያቄ አይደለም የመጣሁት። ጥናቱ አለቀ፤ ጡረታ ወጣሁ።"

የአሮጊቷ ፊት ቅጭም አለ። "ታዲያ ምን አመጣሽ?"

የፈራችው ይህንኑ ነበር። ደጃፉ ላይ እንደቆመች፣ "እንዲያው ደህና መሆንዎን ልይ ብዬ ነው" አለች።

"ደህና ከተባለ ደህና ነኝ። ግቢ እንጂ፤ ብርዱን ይዘሽብኝ ቆምሽ።"

ከሁለቱ ወንበሮች አንዱ ላይ የተቆለለውን ጨርቅ አንስተው አስቀመጧት። ሻይ ቀዱላት። አንስታ ስትጠጣ ትክ ብለው አዩዋት።

"ትጠጫለሽ እንዴ? እኔ እኮ ጨጓራ አለባት ብዬ ነበር።"

ሁለቱም ያለ መጠይቅ መጨዋወት አያውቁበትም። ልብስ ሰፊዋ ስፌት መኪናው ላይ የነበረውን ኮሌታ አንስተው በመርፌ ይሰፉ ጀመር።

"እስቲ በይ ጠይቂኝ" አሉ በመጨረሻ። "አንቺ ከሄድሽ ወዲህ፣ አንቺ ምን ትያለሽ ያለኝ ሰው የለም። አሳጥሪ፣ ዚፕ ቀይሪ ነው።"

በቃሏ ጀመረች። አራተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ አሮጊቷ መርፌያቸውን አቆሙ።

"እሱማ አለቀብኝ። አባቴን አልኩ፣ እናቴን አልኩ፣ ባሌን አልኩ፣ ግቢውንም ጨመርኩ። ከእንግዲህ ከየት ላምጣልሽ ልጄ?"

"መልሱን የለዋወጡት... ስለተለወጠብዎ አይደለም እንዴ?"

"በሁለተኛው ዙር ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው የዱሮውን ቢመልስልሽ፣ 'እንደ በፊቱ' ብለሽ ጽፈሽ፣ ቁጭ እንኳ ሳትይ ወጣሽ። አይቼሻለሁ። እኔ አዲስ ነገር ስነግርሽ ግን እርሳስሽን ቀርጸሽ እስኪመሽ ተቀመጥሽ። ምን ላድርግ? ሰው ይናፍቀኛል።"

ብርጭቆውን አስቀመጠች። ያ ሁሉ ገጽ፣ ያ ሁሉ ትምህርት። ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው ግን አልመጣላትም። ያንን ምሽት ታስታውሰዋለች። እርሳሱ አልዶለዶመም ነበር። ባዶ ቤቷ ላለመግባት ብላ ነው ሁለት ጊዜ የቀረጸችው።

"ለትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ መጻፍ አለብኝ" አለች። "የጻፍኩት ስህተት ነው።"

"ጻፊ። አሮጊት ዋሸችኝ በያቸው።"

"እውነተኛው መልስስ የቱ ነው?"

ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

"እሱን የዛሬ ሳምንት ስትመጪ እነግርሻለሁ። አሁን ተራው የኔ ነው። አንቺስ የማን ወገን ነሽ?"

ያ የቆየ መልስ ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ። ዋጠችው።

"ወሬው ረጅም ነው እትዬ።"

"ሻዩም አላለቀም" አሉ አሮጊቷ፣ ማንቆርቆሪያውን እያነሱ።