ለባለፋኖሱ ማን አገባለት?

ኛሩአች ከሰኞ እስከ ዓርብ የጤና ጣቢያውን አንሶላ ታጥባለች። በዚህ ሥራዋ ላይ ማንም አስተያየት ሰጥቶባት አያውቅም። ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ግን የተተኮሰ ቀሚሷን ለብሳ ቀበሌው አዳራሽ ትገባና ከቴሌቪዥኑ ጎን ባለችው ባለሦስት እግር በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ በኋላ የጋምቤላ ከተማ ግማሹ የሚያምነው እሷን ነው።

የቅዳሜ ሥራዋ ፊልም መናገር ነው። ካሴቶቹ የሚመጡት በእንግሊዝኛ ነው፤ ተመልካቹ ግን ኑዌር፣ አኝዋክና ደገኛ ነው። አንዱን ነገር በሦስት ቋንቋ ለመናገር ጊዜ ስለማይበቃት፣ ቁጣውን በኑዌርኛ፣ ፍቅሩን በአኝዋክኛ፣ የመንግሥት ነገር የመሰላትን ሁሉ በአማርኛ ትናገራለች። እንግሊዝኛውን ያገኘችው በልጅነቷ፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል እስክትደርስ ነው። እዚያ የተማረችው ስለ በጎችና ስለ ጠፉ ልጆች የሚያወራ እንግሊዝኛ ነበር፤ የፊልም ሰዎች ደግሞ ስለ በግ አያወሩም። ስለዚህ ያልገባትን ከፊታቸው ታነባለች፤ ከፊታቸው ያልገባትን ከራሷ ታመጣለች። አባቷ ድሮ በባሮ ወደብ ዕቃ አውራጅ ነበር፤ ጀልባው ጎደሎ ዕቃ ይዞ ሲመጣ ነጋዴውን ሳያስቀይም የሚያስረዳው እሱ ነበር ይባላል። ሙያው ወደ ልጅ ተላልፏል ማለት ነው።

አዳራሹ መስኮቶቹ በጆንያ ተሸፍነው ይጨልማል። ጄኔሬተሩ ከውጭ ይጮኻል፤ ውስጥ ሰው ይጠበሳል። ብልጥ ሰው ፎጣውን ባሮ ውስጥ ነክሮ፣ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ነው የሚመጣው።

“ባለፋኖሱ” የተባለው ፊልም የመጀመሪያው ክፍል የደረሰው በ1978 ዓ.ም. በኢታንግ በኩል፣ በኩታ ተጠቅልሎ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። በረዶ በማይለየው አገር፣ በሐዲድ ዳር፣ ቀይ ፋኖስ እያወዛወዘ ባቡር የሚያስቆም አንድ ያላገባ ወጣት ሠራተኛ አለ። አለቆቹ ጠጥተው ሳይነግሩት ባቡር ይለቁበትና ይሞታል። ከዚያ በኋላ ሰፊ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ፣ ፋኖሱን ይዞ ይነሣና አለቆቹን አንድ በአንድ ይጨርሳቸዋል። ፊቱ አንዴም አይታይም። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሴት ጣቢያውን በእሳት ታቃጥለዋለች። ሁሉም ጸጥ ይላል። ፊልሙ ሊያልቅ አንድ ትንፋሽ ሲቀረው ግን፣ በጨለማው ውስጥ ቀይ መብራት ብልጭ ይላል።

ከፊልሙ አገር ነገር ለጋምቤላ ሰው የገባው ጥቂት ነው። ባቡር ያየ አልነበረም፤ በረዶውንም ኛሩአች “ሰማዩ ጥጥ ይፈለቅቃል” ብላ ነው ያለፈችው። ሙቱ ለምን እንደተነሣ ግን ለማንም ማስረዳት አላስፈለጋትም። በኑዌር ወግ ወንድ ልጅ ሳያገባ ከሞተ ወንድሙ በሟቹ ስም ሚስት ያገባል፤ የሚወለዱት ልጆች የሟቹ ናቸው፤ ስሙም ከሰው አፍ አይወርድም። ይህ ካልተደረገለት ሙቱ ቅር ይለዋል፤ ቅር ያለው ሙት ደግሞ ዝም ብሎ አይተኛም። አኝዋኮቹም የጎረቤታቸውን ወግ ያውቁታል። ስለዚህ አዳራሹ ከመጀመሪያው ግድያ ጀምሮ ነገሩን ጨርሶታል፤ ልጁ ሚስት ይፈልጋል።

የዚያን ቀን ከፊት ምንጣፍ ላይ እማማ ኛዱዎት ተቀምጠው ነበር። ታላቁ ልጃቸው ቾል ባለፈው ክረምት ባሮ ሲሞላ ታንኳው ተገልብጦበት፣ ሳያገባ ሞቷል። ጣቢያው ሲቃጠል እማማ ኛዱዎት ፊታቸውን ከቴሌቪዥኑ አዙረው ኛሩአችን ጠየቋት።

“ይህን ልጅ ማንም አላገባለትም?”

ኛሩአች ወደ እሳቱ አየች፤ ወደ እሳቸው አየች። ከዚያ እንግሊዝኛውን ትታ ተናገረች። ይቺ ሴት ጣቢያውን ያቃጠለችው የድሮው ነገር እንዲያበቃ ነው። አሁን የሟቹ ወንድም በሟቹ ስም ያገባታል። እዚህ ስትደርስ ቀዩ መብራት ብልጭ አለ፤ እሷም አልደነገጠችም።

“ይሄው፤ ወንድ ልጅ ተወለደ። የአራስ ቤት መብራት ነው።”

አዳራሹ ተነሥቶ እልል አለ። አስፈሪ ፊልም በእልልታ ሲያልቅ ያየ ቀበሌ ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እማማ ኛዱዎት በማግስቱ ሁለተኛ ልጃቸውን ኮንግን ጠርተው፣ ነጮቹ እንኳ ለልጃቸው ያደረጉትን አንተ ለወንድምህ ትነፍገዋለህ ወይ አሉት። ኮንግ አንድ ወር አንገራገረ፤ ከዚያ በወንድሙ ስም አገባ። በዓመቱ ወንድ ልጅ ተወለደ። ሆት ተባለ፤ ሆት ቾል።

ችግሩ የመጣው ሁለተኛው ክፍል ሲመጣ ነው።

በ1980 ዓ.ም. ጥር ላይ አዳራሹ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞላ። እማማ ኛዱዎት ሆትን ታቅፈው ከፊት ተቀመጡ። ከኋላ ደግሞ በዚያው ዓመት ከደገኛው አገር ተመድቦ የመጣው የእንግሊዝኛ መምህር አሸብር ተቀመጠ፤ የመጀመሪያውን ክፍል አላየም። ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ የተሳሳተ ቃል ከሰማ ምሳ የማይወርድለት ሰው ነው።

ፊልሙ ተጀመረ። ያቺ ጣቢያ ያቃጠለችው ሴት ወጥ ቤቷ ውስጥ ሻይ ታፈላለች። ኛሩአች ደስ ብሏት፣ የሟቹ ሚስት ይህቺ ናት፣ ልጁ ጓዳ ተኝቷል አለች። በመስኮቱ ቀይ መብራት መጣ። ኮፍያ የደፋው ሰውዬ ገባ። ኛሩአች ለልጁ ስም ሊያወጣ መጣ ልትል አፏን ስትከፍት፣ ሰውዬው መጥረቢያ አነሣ።

የሆነው ሆነ። አዳራሹ ውስጥ ከጄኔሬተሩ በቀር የሚሰማ አልነበረም። ኛሩአችም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በርጩማዋ ላይ ዝም አለች። በዚያ ዝምታ ውስጥ መምህር አሸብር ለጎረቤቱ በለሆሳስ ያለው ነገር ለሁሉም ተሰማ።

“የምን ሚስት? ልጅቷ እኮ አላገባችም። ራሷ ነው የተናገረችው።”

ፊልሙ እስኪያልቅ ማንም በሙሉ ዓይኑ አላየውም። የሰው ሁሉ አንድ ዓይኑ በርጩማዋ ላይ ነው።

ያኔ አንድ ነገር ሲበላሽ የሚደረገው የታወቀ ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አኳይ ጆንያዎቹን አስነሥቶ፣ በሩን አስዘግቶ፣ ጠረጴዛ አስመጣ። ፊልሙ በሰፊው ሕዝብ ዘንድ ግራ መጋባት ስለፈጠረ ሂስ እንደሚካሄድ፣ ከዚያ ጓዲት ኛሩአች ግለ ሂስ እንደምታደርግ፣ በመጨረሻም በርጩማዋ ለእሷ ትቆይ ወይስ ለመምህሩ ትሰጥ የሚለው እንደሚወሰን አስታወቀ። ጸሐፊው እርሳሱን ቀረጸ።

ያን ቀን የተሰጠው አስተያየት እስከ ዛሬ ይወራል። ነርስ ጽጌ ተነሥታ፣ ሰውየው የተነሣው ፍትሐት ስላልተደረገለት መሆኑን እሷ ከካቻምና ጀምሮ መናገሯን አስታወሰች። ደግሞም በሁለተኛው ክፍል ዘጠኝ ሰው ሲቆስል አንድ ሰው እንኳ ቁስል ጨርቅ አስሮ ደም ለማቆም አለመሞከሩ ከሙቱ በላይ እንዳስደነገጣት ገለጸች። አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ በመጀመሪያው ክፍል ከሐዲዱ ዳር ፈቀቅ የማይል ሙት በሁለተኛው ከተማ ለከተማ መዞሩ ተገቢ አይደለም፤ ሙት አገር አይቀይርም አለ። ወጣቶቹ ተቃወሙ። የመጀመሪያው ለቅሶ ይበዛዋል፤ ሁለተኛው ቶሎ ቶሎ ይገድላል፤ ፊልም ማለት ይኼ ነው አሉ። ከፊት የነበሩት ሴቶች ዞር ብለው፣ እናንተንም ቶሎ ቶሎ የሚያሳድግ ቢገኝ ሲሉ መለሱላቸው።

ጓድ አኳይ ራሱም አስተያየት ነበረው። ባለፋኖሱ ወዝ አደር ነው፤ በመጀመሪያው ክፍል አለቆቹን መግደሉ ትክክለኛ መስመር ነው፤ በሁለተኛው ሻይ የምታፈላ ጭቁን ሴት መግደሉ ግን ከመስመር መውጣት ነው። ጸሐፊው ይህን ከሥሩ አሰመረበት።

ከዚያ እማማ ኛዱዎት እጃቸውን ሳያወጡ ተነሡ። ሆት ትከሻቸው ላይ እንቅልፉን ይለጥጣል።

“ልጄ ቾል ውኃ ወሰደው። እዚህ ተቀምጬ ያየሁትን አይቼ ኮንግን አግባለት አልኩት። ይኼ ልጁ ነው። ከተወለደ ወዲህ ቾል በሕልሜ ሲመጣ ይስቃል እንጂ አይቆጣም። ዛሬ ደግሞ የተገባለት ሰው ተመልሶ የልጁን እናት በመጥረቢያ ሲላት አየሁ። እንግዲህ እናንተ ንገሩኝ፤ ምራቴ ቤት ብቻዋን ናት። ቤቴ ስገባ ምን እላታለሁ?”

ነርስ ጽጌ ጎንበስ ብላ፣ ልጁ የማን እንደሆነና በማን ስም እንደተወለደ ለመምህር አሸብር በጆሮው ነገረችው። መምህሩ የአንገቱን ቁልፍ ፈታ።

ጓድ አኳይ ኛሩአችን ወደ መሐል ጠራት። እሷም በርጩማዋን ትታ ቆመች። ፊልሙ ላይ ከራሴ ጨምሬበታለሁ ብትል ነገሩ በአምስት ደቂቃ ያልቃል፤ በርጩማዋ ትሄዳለች፤ እሷም ወደ አንሶላዋ ትመለሳለች፤ ማንም አያስራትም። ግን እሱን ካለች፣ ያ የአራስ ቤት መብራት የአራስ ቤት መብራት አልነበረም ማለት ነው። ሆት ዓይኑን ገልጦ እሷን ያያል።

“ግለ ሂሴ አንድ ነው። ሰውየው ሲገባ ዝም ማለት አልነበረብኝም። ወዲያው መናገር ነበረብኝ” አለች።

“ምን ብለሽ?” አለ ጓድ አኳይ።

“ይኼ ባለፋኖሱ እንዳልሆነ ነዋ። ባለፋኖሱ ተገብቶለት ተኝቷል። ይኼ ኮፍያውንና ፋኖሱን የሰረቀ ሌላ ሰው ነው።”

አዳራሹ እንደ ንብ ቀፎ ሆነ። ወጣቶቹ ሳቁ፤ ሴቶቹ ገሠጿቸው፤ ዓሣ አጥማጁ፣ ለካ ለዚህ ነው ከተማ ለከተማ የሚዞረው፣ ሌባ ነዋ ብሎ ጭኑን መታ። ጓድ አኳይ ግን ሊቀ መንበር ነው። እርሳሱን ወደ ኋላ ወንበር ቀሰረ።

“መምህር፣ አንተ እንግሊዝኛውን ታውቃለህ። ሰውየው ያው ነው ወይስ ሌላ?”

ሁሉም ዞረ። ፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች ባለፋኖሱን በሙሉ ስሙ ሰባት ጊዜ ጠርተውታል፤ መምህር አሸብርም ሰባቱንም ሰምቷል። በርጩማዋ እንግዲህ ከእሱ አንድ ቃል ነው የምትጠብቀው። ተነሣ። ኛሩአች ወደ መሬት ታያለች። እማማ ኛዱዎት ወደ እሱ ያያሉ።

“ኮፍያው ያው ነው፤ ፋኖሱም ያው ነው” አለ መምህሩ። “ፊቱን ግን አላሳዩንም። ፊቱን ያላየሁትን ሰው ያው ነው ብዬ አልመሰክርም።”

እማማ ኛዱዎት ሆትን ከአንዱ ትከሻቸው ወደ ሌላው አዛወሩትና ተቀመጡ።

ቃለ ጉባኤው ተጻፈ። ባለፋኖሱ ሁለተኛ ክፍል ማንነቱ ባልተረጋገጠ ግለሰብ ላይ የተሠራ በመሆኑ ከመጀመሪያው ጋር እንዳይቆጠር፤ በርጩማዋ ባለችበት እንድትቀጥል፤ የወጣቶቹም ስሜት እንዳይጎዳ ፊልሙ በሚቀጥለው ቅዳሜ በትክክለኛ አነጋገር እንዲደገም ተወሰነ። ሲወጡ መምህር አሸብር ኛሩአችን በር ላይ አገኛትና፣ አንድ ነገር ብቻ ሊያርማት እንደሚፈልግ ነገራት። እሷም አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። ሴትየዋ ያፈላችው ሻይ ሳይሆን ሾርባ ነው አላት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከበፊቱ የባሰ ሰው መጣ። መምህሩ ከፊት፣ ምንጣፉ ላይ፣ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ አንገቱ ላይ እርጥብ ፎጣ ነበር። እማማ ኛዱዎት በዚህ ጊዜ ምራታቸውንም ይዘው መጥተዋል። ቀዩ መብራት በመስኮቱ ብቅ ሲል ኛሩአች ገና አፏን ሳትከፍት አዳራሹ በሦስት ቋንቋ “ሌባ” አለው፤ ከዚያ ወዲያ ሰውየው ብቅ ባለ ቁጥር ይኸው ሆነ። ወጣቶቹ ሳይቀሩ ይጮኹ ነበር፤ እንዲያውም እነሱ ባሱ። የሚያስፈራ ነገር አልቀረም።

መጨረሻው ላይ ሰውየው ገደል ይገባል፤ ፋኖሱ ግን በበረዶው ላይ ሳይጠፋ ይቀራል። ማንም አልያዘውም። መብራቱ ብቻውን ጥቂት ይቆያል።

“አንሡና ለልጁ ስጡት፤ የአባቱ ነው” አሉ እማማ ኛዱዎት።

ኛሩአች መምህሩን አየችው። መምህሩ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

“ሰጡት” አለች።