የሳቫና መንገደኞችና የጋሼ ረጅም ሰላምታ

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እጠራጠራለሁ። አንድ ሽማግሌ በስልክ የማያውቋቸውን ሰዎች ጤና ይጠይቁ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሥራ ላቃልልላቸው ብዬ አስተውኳቸው። ከዚህ የሚበልጥ ታሪክ የለውም። ቢሆንም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ጥሩ ሥራ በተነሳ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይኸው ስለሆነ ልሞክረው።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። «ጋሼ» የምትላቸው እሷ ነበረች፤ እኔም ከእሷ ሰምቼ እንዲሁ እላቸዋለሁ። ሳቫና በምትባል ጥንታዊ የባሕር ዳርቻ ከተማ ለብዙ ዓመታት ቫን ነድተዋል። ሥራቸው ከተማዋን ሊያዩ የሚመጡ መንገደኞችን ከኤርፖርት ተቀብሎ ማረፊያቸው ማድረስ፣ ሲመለሱም መሸኘት ነበር። ዓይናቸው ሲደክም መንጃ ፈቃዳቸው ሳይታደስ ቀረ። ቫኖቹን አብረዋቸው ለሚሠሩ ሁለት ሾፌሮች ትተው እኛ ጋ፣ ኮሎምበስ መጡ። ስልኩን ግን አልተዉም። ከዚያ ወዲህ የሳቫና መንገደኞች ጉዳይ የሚያልቀው ከኮሎምበስ ወጣ ብላ ባለችው ፒከሪንግተን፣ እኛ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ሆነ።

እንዴት እንደሚሠሩ ተቀምጬ ማየት እወድ ነበር። በመስኮቱ የኦሃዮ በረዶ ይታያል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሾፌሩን ይመሩታል።

«የት ደረስክ?»

«አደባባዩ ጋ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ሐውልቱ ፊቱን ነው ጀርባውን የሰጠህ?»

«ጀርባውን።»

«እንግዲያው በቀኝ እንዳትገባ። የዛፉ ቅርንጫፍ ዝቅ ያለ ነው፣ ጣራህን ይቧጭረዋል። አንድ መንገድ እለፍና ታጠፍ። ድንጋይ ንጣፍ ነው፣ ቀስ በል፤ ከኋላህ ያሉት ሰውዬ ወገባቸውን ያማቸዋል።»

የሰውየውን ወገብ ያወቁት ስለጠየቁ ነው። ጉዞው አንድ ቀን ሲቀረው ለእያንዳንዱ መንገደኛ ይደውላሉ። ደውለው ግን በቀጥታ ወደ ጉዳዩ አይገቡም። እንዴት ነዎት፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ እናንተ ጋ አየሩ እንዴት ነው፣ ጤና፣ እንቅልፍ፣ ጉልበትስ? የአውሮፕላኑ ሰዓት የሚነሳው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እንግሊዝኛቸው የተሰባበረ ቢሆንም ብዙው ሰው እየሳቀ ይመልስላቸዋል። አንዱ ግን «ሐኪም ነህ ሾፌር?» ብሎ ስልኩን ዘጋባቸው።

እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው፤ ያን ቀን ከእሳቸው ይልቅ እኔ አፈርኩ። የሥራቸውን ኢሜይሎች የምጽፍላቸው እኔ ስለነበርኩ አስተያየት መስጠት የምችል መሰለኝ። የሃይስኩል የመጨረሻ ዓመቴ ነበር፤ መጋቢት ላይ።

«ጋሼ፣ ፎርም ልሥራልዎት» አልኳቸው። «ስም፣ የበረራ ቁጥር፣ ሰዓት፣ የሻንጣ ብዛት። ቴክስት እናደርግላቸዋለን፣ እነሱ ይሞሉታል። ኮል ማድረግ ቀረ።»

«ሰላምታውስ?»

«ማንም አይፈልገውም።»

እናቴ ከኩሽና ሆና፣ «ጋሼ፣ ልጅቷ ጡረታ ልታስወጣህ ነው!» አለች።

«ታስወጣኝ እንጂ፣ እኔም ልረፍ» አሉና ሳቁ። ዛሬ ሳስበው እሺ ያሉት እኔን ደስ እንዲለኝ ብለው ነው። እኔም የሠራሁት እሳቸውን ደስ እንዲላቸው ብዬ ነበር።

ፎርሙ ሦስት ሳምንት ያህል በደንብ ሠራ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሾፌሮቹ አንዱ ከሳቫና ኤርፖርት ደወለ። የተቀበላቸው አሮጊት እግራቸውን ወደ ቫኑ ማንሳት አልቻሉም። ዳሌያቸው በቀዶ ጥገና ተቀይሮ ገና አልጠነከረም። ደግፎ እንዳያወጣቸው ፈራ፤ ቫኑ ከፍ ያለ ነው። ፎርሜ ላይ ሻንጣ የሚጻፍበት ቦታ ነበረ፤ ዳሌ የሚጻፍበት አልነበረም። ሁለተኛው ሾፌር የራሱን ትንሽ መኪና ከቤቱ ይዞ እስኪደርስ ሴትየዋ አግዳሚ ወንበር ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጡ።

በማግስቱ ጠዋት የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት ደወለች። አብዛኞቹን መንገደኞች የምትልክልን እሷ ናት። እሷ ካቆመች ሁለቱ ሾፌሮች ቫኖቹን ከመሸጥ በቀር ምርጫ የላቸውም፤ ጋሼም ዕድሜያቸውን ያፈሰሱበት ሥራ እዚያው ላይ ያከትማል። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

«ስንት ዓመት እኔ ጋ የምትመጣ እንግዳ ናት» አለች ባለቤቷ። «ያ ሁሉን ነገር የሚጠይቀው ሰውዬ የት ሄደ?»

«አለሁ» አሉ ጋሼ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

አጠገባቸው ቁጭ ብያለሁ። ስለ እኔ አንዲት ቃል አልተናገሩም።

«እስከ ወሩ መጨረሻ አያለሁ» አለች። «ካልሆነ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ስልኩ ሲዘጋ፣ «አይም ሶሪ፣ ጋሼ» አልኩ። እንባዬ መጥቶ ነበር።

«ለኔ ምን ያደርግልኛል? ለሴትየዋ ንገሪያቸው። በይ፣ ኮል አድርጊ።»

ደወልኩ። ይቅርታ ጠይቄ ወዲያው የመመለሻ በረራቸውን ሰዓት ልጠይቅ ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ።

«እሳት ልትጭሪ ነው እንዴ የደወልሽው?» አሉ በሹክሹክታ። «እንዴት አደሩ በያቸው!»

እንዴት አደሩ አልኩ። ደህና መሆናቸውን ነገሩኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ወደ ጋሼ ዞርኩ።

«ልጆቻቸውን! ስለ ልጆቻቸው ጠይቂያቸው!»

ጠየቅኩ። ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው፤ አንዷ ክረምቱን ሙሉ ስታስታምማቸው ነበር። ከዚያ በኋላ እኔ ሳልጠይቅ ራሳቸው ቀጠሉ። መቀመጫ ዝቅ ሲል መነሳት ያቅታቸዋል፣ ቀኝ እግራቸውን መዘርጋት አለባቸው። ለምን ቀድመው እንዳልነገሩን በትሕትና ስጠይቃቸው፣ «ማንም ስላልጠየቀኝ የሚፈልገው ያለ አልመሰለኝም» አሉ።

በመመለሻቸው ቀን ሾፌሩ ትንሿን መኪና ይዞ ቀረበ። የፊቱን ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ስቦ፣ ትራስ አድርጎበት ነበር። ጋሼ በስልክ ሆነው ያን ሁሉ አንድ በአንድ አረጋገጡ፤ ትራሱ ጠንካራ መሆኑን እንኳ አልረሱም።

ወሩ ሲያልቅ የማረፊያዋ ባለቤት ደወለች። ሴትየዋ አነጋግረዋታል። ሥራው እንዲቀጥል ፈቀደች፤ ግን ቴክስቱ ቀርቶ በፊት እንደነበረው በድምፅ እንዲደወል ጠየቀች። ጋሼ አመስግነው፣ እናቷ እንዴት እንደሆኑ ጠየቁና ሃያ ደቂቃ አወሩ።

ፎርሙን አጠፋሁት። እኔ ነገሩን ጨርሰው ይረሱታል ብዬ ስጠብቅ እሳቸውን ግን ሌላ ነገር ሲያሳስባቸው ከረመ። «እኔ የታመምኩ ቀን ማን ይጠይቃል?» ይሉ ነበር። በጋውን ሙሉ ከሁለቱ ሾፌሮች ወጣቱን መስመር ላይ እያስገቡ አብሯቸው እንዲሰማ አደረጉት፤ ቀስ በቀስም እሱ ሲያወራ እሳቸው ማዳመጥ ጀመሩ። አንዳንዴ ሲቸኩል ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ እሱም ተመልሶ ስለ ቤተሰብ ይጠይቃል። በመጨረሻ ቁጥሩን ወደ እሱ ስልክ አዛወርንላቸው። ጋሼ ከእኛ ጠረጴዛ ለመጨረሻ መንገደኛቸው የደወሉት ባለፈው ዓመት፣ በኅዳሩ የታንክስጊቪንግ በዓል ማግስት፣ ዓርብ ዕለት ነው።