ያልተረከብኩት ጣሪያ

የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው፤ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የተዘረጋ የስድስት ሴቶች እግር። አንዲት የእንጭኒ ነጋዴ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ። ሁሉም "አዴ" ነው የሚሏቸው፤ በኦሮምኛ እናት እንደ ማለት ነው።

"ምን አድርገሽ ነው፣ የኔ ልጅ?"

"ቆርቆሮ ለክቼ" ስላቸው በሳቅ ፈረሱ።

እውነቴን ነበር። በመንግሥት ጨረታ የሚሠራ ትምህርት ቤት እንደ ውሉ መሠራቱን የምናይ፣ ሕዝብ የመረጠን ሦስት ታዛቢዎች ነበርን። ከኛ በፊት የነበሩት በኮንትራክተሩ መኪና ሄደው፣ የታረደላቸውን በግ በልተው ይፈርሙ ነበር። የኛን የአውቶቡስና የማደሪያ ወጪ ግን አንድ የአዲስ አበባ ማኅበር ይሸፍንልን ስለነበር የማንንም በግ አልበላንም። ጣሪያው ላይ ወጥቼ ስለካው ቆርቆሮው በውሉ ከተጻፈው የሳሳ ሆነ። ርክክቡን አልፈርምም አልኩ። በሳምንቱ ያዙኝ።

መርማሪው ስለ ቆርቆሮው አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

"ማነው የሚከፍልሽ? የማን ተላላኪ ነሽ?"

"በኮንትራክተሩ መኪና ብሄድ ኖሮስ፣ ወንድሜ፣ የማን እባል ነበር?"

"ምላስሽ ረዝሟል" አለ።

አንድ ጠዋት ግን ወንበር ሳበልኝ። ያኔ ነው የፈራሁት።

"እናትሽ ትናንት አርፈዋል። ቀብሩ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ነው፣ እጃጂ።" የርክክቡን ቅጽ ፊቴ አስቀመጠ። ሁለቱ ጓደኞቼ ፈርመዋል፤ አልፈርድባቸውም። "የቀረሽው አንቺ ነሽ። ፈርሚና በራሴ መኪና አደርስሻለሁ።"

ከታሰርኩባት ከአምቦ እጃጂ በመኪና ሩቅ አይደለም። እስክሪብቶውን ያዝኩ። ከዚያ ጣሪያ ሥር የሚማሩትን ልጆች አሰብኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ ውሸት ይሆናል። ያሰብኩት እናቴን ማን እንደገነዛት ነው። ከዚያ ስሜ ካለበት ጎን "ቆርቆሮው ስስ ነው፤ አልተረከብኩም" ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ፈረምኩ።

አነበበው። "አንቺ እናት የለሽም እንዴ?"

"እስከ ትናንት ነበረችኝ" አልኩት።

ወደ ክፍሉ ስመለስ አዴ ፊቴን አይተው ሐዘን መሆኑ ገባቸው፤ እናቴ መሆኗን ነገርኳቸው። ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ አጣፍተው አጠገቤ ተቀመጡ። "ጀባዱ፣ በርቺ ልጄ" አሉኝ። ከሴቶቹ እናቴን የሚያውቃት የለም። "እስቲ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች ንገሪንና እናልቅሳት" አሉ አዴ። ነገርኳቸው። ቀብሩ አብቅቷል ብለን እስክንገምት ድረስ አለቀስናት።

የተፈታሁት ከወራት በኋላ ነው። በኔ ቦታ ሌላ ሰው ፈርሞ ትምህርት ቤቱ ተመርቋል። ማኅበሩም ገንዘቡ ታግዶ ተዘግቷል፤ ታዛቢዎቹ ዛሬ እንደ ድሮው በኮንትራክተሩ መኪና ነው የሚሄዱት። እህቴ "ለቆርቆሮ ብለሽ እናትሽን አፈር ሳታለብሺ!" ትለኛለች።

እጃጂ በሄድኩ ቁጥር መቃብሯ ላይ ቁጭ ብዬ ይቅር በዪኝ እላታለሁ። "ምነው እንዳሉኝ በፈረምኩ" ግን ብያት አላውቅም። ይቅርታ የምለምናት ለዚህም ጭምር ነው።