የኡሙሰልማ ሁለት ብልቃጦች

ኡሙሰልማ ኑርሑሴን ወደ ካንሰር ምርምር የገባችው በዓሣ በኩል ነው። ይህን ስትናገር ሰው ይስቃል፤ እሷ ግን እውነቷን ነው። የወረታ የሩዝ ነጋዴ ልጅ ናት። ለትምህርት ባሕር ዳር ስትመጣ ሐሳቧ የጣናን ዓሣ ማጥናት ነበርና ከአስጋሪዎች ጋር ጀልባ ላይ ስትንገላታ ከረመች። በጀቱ ሲያልቅ ጥናቱ ተቋረጠ። ያኔ በግቢው ውስጥ ደህና ማይክሮስኮፕ ያላቸው የጡት ካንሰር ሕዋስ የሚያጠኑት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ኡሙሰልማ ማይክሮስኮፑን ተከትላ ሄደች፣ እዚያው ቀረች፣ ዶክትሬቷንም እዚያው ጫነች። ስለ ሕይወት ጥሪ የሚያወሩ ሰዎች ሲያጋጥሟት ዝም ብላ ታዳምጣለች።

ሥራዋ ለማስረዳት ቀላል፣ ለመሥራት መከራ ነው። ሐኪሞች ከአንዲት ሴት ጡት ላይ ዕጢ ሲያወጡ፣ ሴትየዋ ከፈቀደች፣ ጥፍር የምታህል ቁራጭ በበረዶ ሣጥን ትላክላታለች። ኡሙሰልማ ቁራጯን ታደቅቃለች፣ ምግብ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ትዘፈዝፋታለች፣ የሰው ገላ ያህል በሚሞቅ ሣጥን ውስጥ ታኖራታለች፣ ከዚያ ትጠብቃለች። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ከዘገየ ሕዋሳቱ ይሞታሉ። ሁሉ ተሟልቶላቸውም ደስ ካላላቸው ይሞታሉ። በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ ከሞት ተርፈው እየተባዙ የኖሩላት የሁለት ሴቶች ሕዋሳት ብቻ ናቸው።

ሌላ ቦታ ብልቃጥ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው። እሷ ቁጥር አትወድም፤ ሰባት ቁጥር ተቸኩሎ ሲጻፍ አንድ ይመስላል ባይ ናት። ስለዚህ በነጭ ፕላስተር ላይ የታካሚዋን ስም፣ የአባት ስም ሳትጨምር፣ ካርዱ ላይ እንዳለ ትጽፋለች። የመጀመሪያዋ ፀሐይወርቅ ነበረች፤ ሁለተኛዋ ወለተ ሩፋኤል። ሴቶቹን በዓይኗ አይታቸው አታውቅም፤ ፈቃድ የሚጠይቁት ሐኪሞቹ ናቸው፣ እሷ የምትቀበለው ሣጥኑን ብቻ ነው። ሆኖም ሰው ናትና በሐሳቧ መልክ አወጣችላቸው። ፀሐይወርቅን ሳቂታ የገበያ ሴት አደረገቻት። ወለተ ሩፋኤል ደግሞ ቆባቸውን የደፉ መነኩሲት ሆኑላት።

ጠባያቸውም የተለያየ ነበር። ታሞክሲፈን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ብዙ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ለዓመታት በክኒን የሚውጡት ነው። ይህ ሲጨመርባቸው የፀሐይወርቅ ሕዋሳት ወዲያው ይዝላሉ። የወለተ ሩፋኤል ግን ውኃ የተጨመረባቸው ያህል እንኳ አይሰማቸውም። ኡሙሰልማ ይህን ያረጋገጠችው በጥቅምት ነው። አንዱ መድኃኒት አንዷን አድኖ ሌላዋን ለምን እንደማያድን ማወቅ የምርምሯ ሁሉ ልብ ነበርና ደስታዋን መያዝ አቃታት። ክንዱ የሚባለውን የላቦራቶሪ ረዳቷን ከምሳው አስነሥታ፣

«ና እይ! መነኩሲቷ እምቢ አሉ!» አለችው። ያን ቀን ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ሳምቡሳ ገዛች።

ጥናቱ እንዲታተም ግን ሕዋሳቱ የማን እንደሆኑ በዘር ምርመራ መረጋገጥ ነበረበት። ናሙናው አዲስ አበባ ተላከና ውጤቱ በየካቲት መጣ። ሁለቱ ናሙናዎች የአንድ ሰው ናቸው ይላል።

ኡሙሰልማ አነበበችው። መነጽሯን ጠርጋ ደግማ አነበበችው። ከዚያ ማይክሮስኮፑ ዘንድ ሄዳ ሕዋሳቱን አየች፤ እነሱም ትናንት እንደነበሩት ናቸው፣ ምንም የሚናገሩት ነገር የለም።

በዚህ ሙያ ይህ የታወቀ ውርደት ነው። ከአንዱ ብልቃጥ አንዲት ጠብታ በስሕተት ወደ ሌላው ከገባች ብርቱው ደካማውን እየቀደመ፣ እየተጋፋ ያጠፋዋል። ያኛው ሞቶ ስሙ ብቻ ፕላስተሩ ላይ ይቀራል። የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ይትባረክም ያለጥርጥር ይኸው ነው አሉ።

«ሰው ነሽ፣ ተሳስተሻል። በረኪና ጨምሪባቸውና እንደገና ጀምሪ።»

«ሁለቱን በአንድ ቀን ከፍቼ አላውቅም እኮ፣ ዶክተር!»

«እና ራሳቸው ተነሥተው ተሻገሩ?»

ዶክተር ይትባረክ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር መቋጨት ይወዳሉ እንጂ። እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጧትና ወደ ስብሰባቸው ሄዱ።

ኡሙሰልማ ግራ ገባት። ግራ መጋባት ለተመራማሪ እንጀራው ነው ይባላል፤ የሚለው ግን ያልደረሰበት ሰው ነው። አንዷ ሌላዋን ውጣት ከሆነ የተረፉት ሁሉ አንድ ዓይነት ጠባይ ሊኖራቸው ይገባ ነበር፤ ታዲያ ለምን አሁንም አንዱ ብልቃጥ በመድኃኒቱ ይዝላል፣ አንዱስ ይስቅበታል? ሁለት ከሆኑ ደግሞ አንድ ናቸው የሚለው ውጤት ከየት መጣ? ነገሩን ከዚህ ብትይዘው ከዚያ ይፈታል። ሶላት ላይ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንደደረሰች ጠፋባት። ጓንት ስታጠልቅ እጇን እያገላበጠች ታየው ጀመር፤ የዕድሜ ልክ ጥንቃቄዋን አላመነችውም። የተሳሳተችው እሷ ከሆነች እስከ ዛሬ የሠራችው ሁሉ ከንቱ ነው። ይህ ነበር የሚያስፈራት፣ ሌላ አልነበረም።

በመጨረሻ አንድ ነገር አሰበች። ሁለቱን ሴቶች አግኝታ ከያንዳንዳቸው ምራቅ ብትወስድ ቢያንስ የማን ሕዋሳት እንደተረፉ ታውቃለች። ሐኪሞቹ ፈቅደው አድራሻ ሰጧት፦ ፀሐይወርቅ ከዱርቤቴ፣ ወለተ ሩፋኤል ከቁንዝላ። ለመጀመሪያዋ ብትደውል ስልኳ አይነሣም፤ ሁለተኛዋ ስልክ የላትም። ኡሙሰልማ መራዊን አልፋ ዱርቤቴ ወረደች።

ዱርቤቴ ወፍጮ ቤት ያለው አለበል የሚባል ሰው የፀሐይወርቅ ወንድም መሆኑን ነገሯት። ዱቄት በዱቄት እንደሆነ ወጣና ሰላምታ ሰጣት።

«እህቴማ ከሄደች ቆየች። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ዳነች አልን። ክኒን እየዋጠች ሳለ በሽታው ተመለሰባት። ያኔ ተስፋ ቆረጠችና ቁንዝላ ወርዳ ጸበል ገባች። ስልኳንም እኔው ዘንድ ጥላው ነው የሄደች።»

«ቁንዝላ?»

«ቁንዝላ።»

እዚህ ላይ አንባቢ ሳይቀድማት አይቀርም። ዶክተር ኡሙሰልማ ግን ያሰበችው ሁለቱም አንድ ቦታ በመሆናቸው የመኪና ጉዞ እንደቀነሰላት ነው። እንዲያውም መንገዱን ሁሉ፣ ሚኒባሱ ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲዘል፣ ሁለቱ ሴቶች ይተዋወቁ ይሆን እያለች ስታወጣ ስታወርድ ሄደች። ግራ የተጋባ ሰው የሚቀርበውን አያይም።

ጸበሉ ከከተማው ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ነው። ኡሙሰልማ ሂጃቧን አስተካክላ ከአጥሩ ውጭ ዋርካ ሥር ቆመችና በሩ ላይ የተቀመጡትን አዛውንት በአክብሮት ጠየቀቻቸው።

«አባቴ፣ ሁለት ሴቶች ፈልጌ ነበር። እማሆይ ወለተ ሩፋኤልንና ወይዘሮ ፀሐይወርቅን።»

«ወለተ ሩፋኤል አለች፤ እማሆይ ግን አይደለችም። ፀሐይወርቅ የሚሉትን አላውቅሁም። እዚህ የምንጠራራ በክርስትና ስም ነው፣ ልጄ» አሉና ሁለቱንም ስም ነግረው አስጠሩላት።

የመጣችው ሴት ቆብ አልደፋችም። አርባዎቹን ያጋመሰች ናት፤ ከስታለች፣ አካሄዷ ግን ገበያ የለመደ ሰው አካሄድ ነው።

«የምትፈልጊኝ አንች ነሽ? ያን ስሜንስ ማን ነገረሽ?»

«የትኛውን?»

«ፀሐይወርቅ ያልሽውን ነዋ።»

ኡሙሰልማ ዋርካውን በእጇ ያዘችው። የወረታ ልጅ ናት፤ ከክርስቲያን ጓደኞቿ ጋር ነው ያደገች፤ እያንዳንዳቸው ቄስ የሚያውቀው ሌላ ስም እንዳላቸው ከልጅነቷ ታውቃለች። ታውቃለች! ይህ እውቀቷ ግን የላቦራቶሪውን ደፍ ተሻግሮ አያውቅም ነበር።

«ሁለቱም እርስዎ ነዎት?»

«ሁለቱም እኔ ነኝ። ሁለተኛ ሲያመኝ ተሸክመው ሐኪም ቤት የወሰዱኝ የጸበል እህቶቼ ናቸው፤ የሚያውቁኝም በክርስትና ስሜ ነው፣ በዚያው ካርድ አወጡልኝ። እኔም አላረምሁ። በፊተኛው ስሜ ተቆረጥሁ፣ በፊተኛው ስሜ ጠጉሬ ረገፈ። በዚህኛው ምናልባት እድን ይሆናል ብየ ዝም አልሁ።»

ኡሙሰልማ ሳቀች፣ ሳቋን ሳትጨርስ ዓይኗ እንባ ሞላ። እጇ አልበደለም። ጠብታ አልተሻገረም። በብልቃጦቹ ውስጥ ያሉት የአንዲት ሴት ሕዋሳት ናቸው፤ አንዱ ክኒኑን ከመጀመሯ በፊት የተወሰደ፣ ሌላው ክኒኑን እየዋጠች ሳለ በሽታው ከተመለሰ በኋላ። በሽታው መድኃኒቱን መልመዱን በአንዲት ሴት ላይ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ይዛዋለች ማለት ነው። በዓለም ላይ ስንት ሰው እንዲህ ያለ ነገር አለው? እዚያው ዋርካው ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻትና ያለ የሌለውን ነገረቻት፤ ስለ ብልቃጦቹ፣ ስለ አዲስ አበባው ውጤት፣ ስለ ፍርሃቷ።

«ሁለቱንም ጊዜ ሲቆርጡኝ ለጥናት እንውሰድ ብለውኝ እሽ ብያለሁ፣ አስታውሳለሁ» አለች ፀሐይወርቅ። «እስካሁን አሉ እንዴ?»

«በሕይወት አሉ። የመጀመሪያዎቹ በመድኃኒቱ ይደክማሉ። የኋለኞቹ ግን እምቢ አሉ፤ ታሞክሲፈን የሚባለው ፈጽሞ አይነካቸውም።»

ፀሐይወርቅ መቀነቷን ፈታችና አንዲት ቀይ ካርቶን አወጣች።

«እንዳው ይኸ ይሆን? እስቲ አንብቢልኝ።»

ኡሙሰልማ ማንበብ አላስፈለጋትም። በየሳምንቱ በእጇ የምትለካውን የታሞክሲፈንን ስም ከሩቅ ለየችው። የተሰማት ደስታ ሁሉ ከላይዋ ተገፈፈ።

«ይህን ማን ሰጠዎ?»

«ሐኪሞቹ ናቸዋ። ካርዴ አዲስ ነው፣ አዲስ ታማሚ መስያቸው ነው። ጠባሳውን አይተው ድሮ የዋጥሽው አለ ወይ ቢሉኝ የለም አልሁ፤ ያ ስሜ እንዳይመጣብኝ ፈርቸ። የፊተኛው ካርቶን ሰማያዊ ነበር። አንድ መሆኑን በምን አውቄ?»

«ከአሁን በኋላ አይዋጡት። ሌላ መድኃኒት አለ። ይነሡ፣ ዛሬውኑ ሐኪምዎ ዘንድ አብረን እንሂድ፣ ሁሉንም እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ፀሐይወርቅ አልተነሣችም። ካርቶኑን በመዳፏ ላይ አገላበጠችው።

«የኋለኞቹ እምቢ ማለታቸውን ያወቅሽው መቼ ነው?»

«በጥቅምት።»

«እኔ ይኸን መዋጥ የጀመርሁ በኅዳር ሚካኤል ነው» አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ግራ ተጋብታ ነበር፣ ፊቷም ማወቅ የሚፈልግ ሰው ፊት ነበር። «የወለተ ሩፋኤል ናቸው ብለሽ ታውቂያቸው ከነበር፣ ልጄ፣ ለወለተ ሩፋኤል ለምን አልነገርሻትም?»