የሰው ልጅ ይዤ አዲስ አበባ ስሄድ

ያን ቀን ማለዳ ከአምቦ ወደ ወለጋ በሚወስደው መንገድ፣ እጃጂ ዳር ላይ አውቶቡሱን ከበን የቆምነው እነዚህ ነን፤ ሹፌሩና ረዳቱ፣ የታሪክ አስተማሪው፣ ወንዶቹ ተማሪዎች፣ የእኔን ልጅ ጨምሮ አራት ሴት ተማሪዎች፣ ሊሸኙ የመጡ እናቶች፣ ከከተማው ወጣ ብለው የሚያርሱ አንድ አባት፣ እና እኔ። ልጆቹ ይዘላሉ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ትምህርት ቤቱ ልጆቹን አዲስ አበባ ወስዶ ሙዚየሙንና የአንበሳ ግቢን ሊያሳይ አስቧል። ያለችን አንድ ሴት አስተማሪ ግን አራስ ነበረች። አብራ የምትሄድ ትልቅ ሴት ከሌለች ሴቶቹ ይቀራሉ ተባለ። እናቶቹን ዞሬ ጠየቅሁ። አንዷ ላሜ ልትወልድ ነው አለች፤ ሌላዋ ባሌ አይፈቅድም አለች። እኔ ከሦስተኛ ክፍል ያላለፍኩ፣ ከአምቦ ወዲያ ረግጬ የማላውቅ፣ መኪና ኩርባ ሲይዝ ዓይኔን የምጨፍን ሰው ነኝ። ልጄ ግን ሴት በመሆኗ ብቻ እንድትቀር አልፈለግሁም። ለአስተማሪው «እኔ እሄዳለሁ» አልኩት።

እኚያ አባት ልጃቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ። የልጄ ጓደኛ ናት፤ ሁለቱም ስምንተኛ ክፍል ናቸው።

«በአንቺ እጅ ሰጥቻለሁ፤ ከአንቺ እጅ እቀበላለሁ» አሉኝ።

«ደጅዎ ድረስ አመጣታለሁ» አልኳቸው።

እንዳይጠፉብኝ ከአንድ ጣቃ ቀይ ሻሽ ቆርጬ ለአራቱም ራሳቸው ላይ አሰርኩላቸው።

«እማዬ፣ የሴቶች ማኅበር ሰልፈኛ አስመሰልሽን!» አለች ልጄ።

«ሰልፈኛ አይጠፋም። እሰሪ።»

«መፈክሩንስ ማን ያሰማን?» አለ ከኋላ ወንበር አንዱ ጎረምሳ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ።

አዲስ ዓለም ስንደርስ ከሴቶቹ ሁለቱ አስታወኩ። ሎሚ ይዤ ነበርና አስሸተትኳቸው። ማታ አንድ ትምህርት ቤት ክፍል ሰጡን፤ በሩን በጀርባዬ ደግፌ አደርኩ። በማግስቱ ሙዚየሙን አይተን አንበሶቹ ዘንድ ሄድን። ያ ጎረምሳ ጠባቂውን «አንበሳው ኦሮምኛ ይሰማል?» ብሎ ጠየቀው። «ሞክረውና በምን ቋንቋ እንደሚበላህ ታያለህ» አለው ጠባቂው።

ከግቢው ስንወጣ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማለች። የልጄ ጓደኛ ሮጣ አቀፈቻት። አክስቷ ናት፤ ልጅቷ አስቀድማ መልእክት ልካላት ኖሯል።

«እትዬ፣ እኔ አልመለስም» አለችኝ ልጅቷ። «ከፋሲካ በኋላ ሊድሩኝ ነው። አባቴ ቃል ሰጥቷል።»

አክስቷ ክንዴን ያዘችኝ። «እኔ አስተምራታለሁ። አንቺ ጠፋችብኝ በያቸው፤ በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሀል ሰው ይጠፋል።»

ልጅቷን አየሁ፤ ቀሚሷን ጨምድዳ ይዛ ታለቅሳለች። ሌሎቹን ሦስቱን አየሁ። አንዷ እዚህ ከቀረች የሚመጣውን አሰብኩ። በእኛ አገር ከእንግዲህ የትኛው አባት ሴት ልጁን ለትምህርት ቤት አምኖ ይሰጣል? የእኔም ልጅ ጓደኞች ሁሉ ከደጅ እንዳይወጡ ይደረጋሉ።

«ይዣት እመለሳለሁ» አልኩ።

«ሸጥሽኝ» አለችኝ ልጅቷ።

«አልሸጥኩሽም። አብሬሽ አባትሽ ቤት እገባለሁ።»

በማግስቱ እስከ እጃጂ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ከአውቶቡሱ እንደወረድን ልጄን ወደ ቤት ላክሁና ከእሷ ጋር በእግር ወደ አባቷ ቤት ሄድን።

አባቷ ደስ አላቸው። «ታኢ፣ ታኢ! ቁጭ በይ እንጂ!» አሉኝ። ሚስታቸው የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ አርሳ፣ ጩኮ በገበቴ አቀረበችልኝ። ከሌሊት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ገበቴውን ገፋ አደረግሁት።

«የመጣሁበት ጉዳይ ሳይፈጸም አልቀምስም» አልኩ።

እንዲህ የሚሉት እኛ ዘንድ ለዕርቅ ወይም ለጋብቻ የተላኩ ሽማግሌዎች ናቸው። ሴት ብቻዋን መጥታ ስትለው ማንም ሰምቶ አያውቅም። ሰውዬው ሳቁ።

«ሴት ሽማግሌ ደግሞ ከየት መጣ?»

«ከእጃጂ። ልጅቷ አሥራ ሁለተኛን ትጨርስ፤ ከዚያ በፊት አይዳሯት።»

ሳቁ ጠፋ። «ላኪ!» አሉ በኦሮምኛ፤ «አይሆንም። ለሰው ቃል ሰጥቻለሁ።»

«እኔም ለእርስዎ ሰጥቼ ነበር። ልጅዎ አዲስ አበባ መቅረት ትችል ነበር፤ የሚያስጠጋት አግኝታ ነበር። መልሼ አመጣኋት። ቀርታ ቢሆን ቃል ለሰጧቸው ሰዎች ምን ይሉ ነበር?»

ተነሥተው ወጡ። እኔ ተቀመጥኩ። ጎረቤት እየመጣ በበሩ አጮልቆ ያየኛል። ሚስታቸው ከጓዳ ብቅ ትልና ጩኮውን፣ እኔን፣ ደጁን አይታ ትመለሳለች። ጭንቅላቴን ይወቅረኛል፤ ባሌ ምን ይል ይሆን እያልኩ እሰጋለሁ። ግን ከዚያ ወንበር እንደማልነሣ አውቄዋለሁ።

ከብቶቹ ሲገቡ ሰውዬው ተመለሱ። ልጃቸውንም እኔንም አላዩም፤ የተናገሩት ለሚስታቸው ነው። «ይህች ሴት ቤቴ ውስጥ በረሃብ ብትሞት ምን ልባል ነው? ንገሪያት፤ ልጅቷ ትማር። ለእነዚያ እኔ ሽማግሌ እልካለሁ። አሁን ትብላ!»

በላሁ። ልጅቷ ናት ገበቴውን የያዘችልኝ።

ሁለቱ ልጆች አምቦ ቤት ተከራይተው አሥራ ሁለተኛን አብረው ጨረሱ። የእኔ እዚሁ አጠገቤ ናት። ጓደኛዋ በአስተማሪነት ሠልጥና ወለጋ ተመደበች፤ በየበዓሉ በመንገደኛ ሰላምታ ትልክልኝ ነበር። መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ሰላምታዋ ተቋረጠ። ወደዚያ የሚሄድ ሹፌር ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ እስካሁን አየኋት ያለኝ የለም። ቀጭን፣ ረጅም ናት፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ያለችበትን የምታውቁ፣ በሕይወት ካለች የት እንዳለች፣ ከሌለችም እንደሌለች፣ በእጃጂ በኩል ለሚያልፍ ሰው ንገሩልኝ።