ትራሱን የጠረጠረው ፕሮፌሰር

ባልደረቦቹ «ፕሮፌሰሩ» ይሉታል፤ ትምህርቱ እዚያ ደርሶ ሳይሆን ምክሩ አልቆ ስለማያውቅ ነው። ሥራው የሰው ልብ በአልትራሳውንድ ማየት ነው። በተለይ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያለበት ሰው ከገባለት ማን ይችለዋል። «ይሄ በሽታ ጣት ላይ ብቻ አይቀርም፣ ልብንም ይነካል። በዓመት አንዴ መታየት ግድ ነው» ይላል። የራሱን ጣቶች ቁርጥማት ከያዛቸው አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አንድም ቀን ግን እዚያ የምርመራ አልጋ ላይ ተኝቶ አያውቅም።

ሰሞኑን ደረቱን ይወጋው ጀመር። ጋደም ሲል ይብስበታል፣ ወደ ፊት ጎንበስ ሲል ቀለል ይለዋል። ከሕመምተኛ ቢሰማው በሽታውን ወዲያው በስሙ ይጠራው ነበር። የራሱ ሲሆን ግን ትራሱን ጠረጠረ። ሁለቴ ትራስ ለወጠ፤ አልሆን ሲለው ወንበር ላይ ማደር ጀመረና ሚስቱን «እያነበብኩ እንቅልፍ ጣለኝ» አላት። ጭኑ ላይ የነበረው መጽሐፍ የተዘቀዘቀ መሆኑን እሷ አይታ አቃናችለት።

አንድ ጠዋት ጣቶቻቸው የእሱን የመሰሉ አንዲት እናት መጡ።

«እማማ፣ ቀጠሮዎን በስድስት ወር አሳልፈዋል። በልብ ይቀለዳል እንዴ?» ብሎ ተቆጣቸው።

ማሽኑ ከጥገና የተመለሰው ገና ያን ዕለት ነው። አብራው የምትሠራው ሲስተር «እማማን ከማስተኛታችን በፊት አንተ ላይ ልሞክረው» አለችው። እማማ ፊት እምቢ ማለት አሳፈረውና ሸሚዙን አውልቆ በግራ ጎኑ ተኛ። ስቃዩን ዋጥ አደረገው።

«አልተጠገነም» አለ ስክሪኑን እያየ። «ይሄ በልቤ ዙሪያ ያለው ጥቁር ነገር ምንድነው?»

ሲስተሯ ሐኪሙን ልትጠራ ወጣች። እሱም ጥያቄውን ሳይጨርስ ገብቶታል። ውሃ ነው፤ ለስንቱ ሰው በጣቱ እያሳየ ያስረዳው ውሃ። ክው አለ። ፈራ፣ በጣም ፈራ።

ሐኪሙ ተጠርቶ መጣና አየው። «ውሃው ልብህን ገና አላፈነውም። ዛሬውኑ ተኝተህ መድኃኒት ትጀምራለህ» አለው። «መቼ ነው የጀመረህ?»

ፕሮፌሰሩ ስለ ትራሱ መናገር አፍሮ ሸሚዙን አነሣ።

ሲለብሰው ቁልፉ እምቢ አለው። እማማ ከወንበራቸው ተነሥተው በተቆለመሙ ጣቶቻቸው ይቆልፉለት ጀመር።

«ሳትታይ ስንት ጊዜ ሆነህ ልጄ?»

«አሥራ ሁለት ዓመት።»

«የኔ እንኳ ስድስት ወር ነው» አሉት፣ ቀጣዩን ቁልፍ እየፈለጉ።