ስፋት ያስተማርኩበት ሳምንት

የቡራዩ ልጅ ነኝ። ለማስተማር ልምምድ ግን ሰበታ፣ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደብኩና አክስቴ ቤት አረፍኩ። የትምህርት ዕቅድ አወጣጡን ኮሌጅ በደንብ ተምሬዋለሁ፤ አምስተኛ ክፍል ፊት ስቆም ግን ጀርባዬን ለልጆቹ ሰጠሁ። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ስጽፍና ስደመስስ ጨረስኩት።

እንዲከታተሉኝ የተመደቡት አንጋፋ መምህር ዓይነ ስውር ነበሩ። ልጆቹ ሲወጡ፣ "ከሰሌዳው ጋር ነው ያወራሽው" አሉኝ።

"እንዴት አወቁ?"

"ድምፅሽ ግድግዳውን መትቶ ነው የሚመጣልኝ። ደግሞ ትጠይቂያለሽ፣ ራስሽው ትመልሻለሽ። ጠይቂና ዝም በይ። ዝምታው ይከብድሻል፤ ቻዪው።"

እንደምንም ቻልኩት። በሁለተኛው ሳምንት አንዳንዶቹ እጅ ማውጣት ጀመሩ።

ከዚያ አዲስ አበባን በዙሪያዋ ወዳለው የገበሬ መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ የተነሳው ተቃውሞ ሰበታም ደረሰ። አንድ ጠዋት መንገዱ ተዘጋ፤ ከተማሪዎቼ ከግማሽ በላይ ቀሩ። ከውጭ ጩኸት ይሰማል። የዕለቱ ትምህርት የአራት ማዕዘን ስፋት ነበር። "ርዝመት ሲባዛ በወርድ" ብዬ ሳልጨርስ፣ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቃት የገበሬ ልጅ ተነሳች።

"ቲቸር፣ መሬታችንን ይወስዱታል?" አለችኝ በኦሮምኛ።

"ይሄ የዛሬ ትምህርት አይደለም" ልላት ምንም አልቀረኝም። ጠመኔውን አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"እኔም አላውቅም" አልኳት በዚያው በኦሮምኛ። "አንቺ ምን ሰማሽ?"

ነገረችኝ። አባቷ እንቅልፍ አጥቷል፤ ታላቅ ወንድሟም ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ቤት አልገባም። ሌሎቹም ተከተሉ። ከደቡብ የመጡ የፋብሪካ ሠራተኞች ልጅ፣ "ፋብሪካው ከተዘጋ እኛስ ወዴት እንሄዳለን?" አለ። ሁሉንም ሰማኋቸው።

ትንሽ ሲቀልላቸው ልጅቷን፣ "ማሳችሁ ስንት እርምጃ ይሆናል?" አልኳት። ከአባቷ ጋር ለክታዋለች። ወጥታ ሰሌዳው ላይ ሣለችው፤ ርዝመቱንና ወርዱን አባዛች። የሠራተኞቹም ልጅ የሚኖሩባትን አንዲት ክፍል ሣለ። ደወሉ ሲደወል ማንም አልተነሳም።

ከኋላ ተቀምጠው ሲሰሙ የነበሩት መምህር፣ "የልጅቷ ቤት የት ነው? አባቷን እንጠይቃቸው" ብለው ዱላቸውን አነሱ። አብሬያቸው ስሄድ፣ ይህ ሥራ የኔ እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማኝ።

ወንድሟ በሦስተኛው ቀን በሰላም ገባ፤ መንገዱም ተከፈተ። የቀሩት ልጆች ሲመለሱ ስፋትን እንደገና ላስረዳቸው ብዬ ስነሳ፣ ልጅቷ ቀድማኝ ሰሌዳው ጋ ቆማለች። እኔም ሄጄ ከልጆቹ መሃል ተቀመጥኩ።